በመመለሻ መንገድ አይወራም

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ከምን ተነሥቼ እንደምጽፍ መናገር ይገባኛል። በእጄ ሰነድ የለም። በጦርነቱ ጊዜ የያዝኳቸው ካርታዎች የመንግሥት ንብረት ስለነበሩ አስረክቤያቸዋለሁ፤ የቀረው አገር ለአገር ስንከራተት ጠፍቷል። ያለኝ በመጀመሪያ የራሴ ትዝታ ነው፤ እሱም ከሰባ ዓመት በላይ ባገለገለ ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ዋስ አልሆነውም። ቀጥሎ ነፍሱን ይማረውና የጦር ጓዴ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የነገረኝ አለ። ከዚያ ሌላ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አለ፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ፊትና ልብስ እንጂ ሌላ አይናገርም። ቀኖችን አልጠቅስም፤ ብጠቅስ እሳሳታለሁ ብዬ እፈራለሁ። የጦርነቱን ምክንያትና ፍርድ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትቼዋለሁ። የኮረብታዎቹ ስም እንኳ በካርታው ላይ አንድ፣ በአገሬው ሰው አፍ ሌላ፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነበር፤ እዚህ የምጠቀመው በእኛው ነው። አንባቢዬ ይህን ሁሉ ልብ ብሎ ያንብበኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የደምሴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በደቡብ ለንደን ከምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ጎን ባለችው አዳራሽ ሰው ሁሉ ለጸበል ጸዲቅ ተቀመጠ። ውጭ ይዘንባል፤ የካፖርቱ እርጥበት ከወጡ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አዳራሹን ሞልቶታል። ደምሴ ቢኖር ኖሮ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "መቶ አለቃ፣ ይሄ ሕዝብ የመጣው ለኔ ነው ወይስ ለሥጋው?" ይለኝ ነበር። እኔ መቶ አለቃነቱን ከተውኩት ረጅም ጊዜ ሆኖኛል፤ ከሠራዊቱ የተሰናበትኩት ሻለቃ ሆኜ ነው። ደምሴ ግን ያን ማዕረግ አንድ ቀን በአፉ አላነሣውም። "ሲሾሙ አልነበርኩም፤ ባላየሁት አልመሰክርም" ይለኝና ይስቃል። አሁን መቶ አለቃ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሻለቃ የሚሉኝም ጥቂት ናቸው፤ በምኖርበት በስትሪትሃም ሰፈር የጎረቤቶቼ ልጆች የሚያውቁኝ ከሦስተኛ ፎቅ በቀስታ የሚወርድ ሽማግሌ ሆኜ ነው።

በአዳራሹ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቤተሰቡ የደምሴን ፎቶግራፎች ደርድሮ ነበር። ከመካከላቸው ሦስታችን ያለንበት አለ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ከሚያለብሱት ዛፎች ሥር በነበረች አንዲት ፎቶ ቤት የተነሣነው ነው። ከኋላችን በሸራ ላይ የተሣለ ባሕርና ነጭ ጀልባ ይታያል፤ ያን ጊዜ ከሦስታችን አንዳችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ደምሴ ካኪውን አስተኩሶ፣ ቆቡን ወደ ቅንድቡ ደፍቶ ቆሟል። እኔ እጄን የት እንደማደርገው የጠፋኝ እመስላለሁ። መካከል ላይ ያለው አስር አለቃ መርጊያ በወታደር ልብስ አልነሣም ብሎ ከፎቶ አንሺው ሰፊ ኮሌታ ያለው የቴትሮን ሸሚዝና ቤልቦተም ሱሪ ተውሷል። ሱሪው ወገቡ ላይ ስለሰፋው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዘንለታል፤ ይህ በፎቶው አይታይም። ተነሥተን ስንወጣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ሻዩ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ሳምቡሳው አሥር ሳንቲም ነበር። ደምሴ ሳምቡሳውም አሥራ አምስት ነው እያለ በዚህ ብቻ ስንት ዓመት ተከራክሮኛል። ጋሪዎች ደወላቸውን እያቃጨሉ ያልፋሉ፤ ከጎን ካለው ቡና ቤት የቴፕ ድምፅ ይመጣል። መርጊያ አብሮ ያዜማል፤ ግን ማንኛውንም ዘፈን የሚጀምረው ከመካከሉ ነው፤ መግቢያውን አያውቀውም። "ይሄ ዘፈን ራስ የለውም እንዴ?" ስንለው "ራሱን ዘፋኙ ይያዘው፤ እኔ ወገቡን ወድጄዋለሁ" አለን።

በሙት ዓመቱ ቀን ከዚያ ፎቶ ፊት አንዲት ሴት ቆማ አየሁ። ዕድሜዋ ሃምሳ ይሆናል፤ ሽርጥ አድርጋ ስታስተናግድ ነበር። ትሪውን በአንድ እጇ እንደያዘች ፈዛ ቀርታለች። አጠገቧ ያለችው ወጣት ልጇ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

"ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ምን ሆንሽ?"

ሴትዮዋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝና ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ይሄን መሃል ላይ ያለውን ሰው ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ። አስር አለቃ መርጊያ ነው። አብረን ነበርን።"

"ይሄ ፎቶ እኛ ቤት አለ" አለች። "አዲስ አበባ፣ ከእማዬ አልጋ ራስጌ። አባቴ ነው።"

ልጅቷ ፎቶውን ከእናቷ ትከሻ በላይ አጎንብሳ አየችው። "ይሄ ነው ግራንድፓ? ኦ ማይ ጋድ፣ በጣም ያንግ ነው እኮ! እኔን ነው የሚያክለው።"

ሴትዮዋ ሶስና ትባላለች፤ ልጇ ቤተል። ሶስና ወደዚህ አገር ከመጣች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ፓርክ ሮያል በሚባል የለንደን ሰፈር፣ ሳንድዊች በሚያሽግ ፋብሪካ ከደምሴ ባለቤት ጋር ስለምትሠራ ነው ለማስተናገድ የመጣችው። ደምሴም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ፓርክ ሮያል፣ ከዚያ ፋብሪካ ጥቂት መንገድ አልፎ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ምናልባት እሱና የመርጊያ ልጅ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያውቁ ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው።

ከዚህ በላይ ከመሄዴ በፊት ሥራችን ምን እንደነበር ልናገር። እኛ ቃኚዎች ነበርን። ተዋጊው ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት ቀድመን ሄደን የጠላትን አሰፋፈር አይተን፣ ሳንታይ መመለስ ነው ተግባራችን። ሲወራ ጀብዱ ይመስላል፤ አብዛኛው ግን በሆድ መተኛትና መጠበቅ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንቼ፣ ከመኮንኖች ኮርስ በቀጥታ ወደ ምሥራቁ በረሃ የተላክሁ፣ ከመሬቱ ይልቅ ካርታውን የማምን ወጣት ነበርኩ። እዚያ የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር ሁለት ቃኚዎች በመመለሻ መንገድ ላይ ከተጨዋወቱ አንዱ ያየው ታንክ ለሌላውም እንደሚታየው ነው። ሰፈር ሲደርሱ ሁለቱም በቅንነት አየን ብለው ይምላሉ፤ አዛዡም ሁለት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል፤ በእጁ ያለው ግን አንድ ነው። ስለዚህ በእኛ ቡድን በመመለሻ መንገድ አይወራም ነበር። መርጊያ ለውኃ ጥም ይረዳል ብሎ ከምላሱ ሥር ጠጠር የመያዝ ልማድ ነበረው፤ ልማዱን ወሰድኩና ደንብ አደረግሁት። ፊታችንን ወደ ሰፈር ስናዞር ሁሉም ጠጠሩን ይጎርሳል። ስንደርስ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጬ አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ተራው የደረሰው ጠጠሩን ተፍቶ ይናገራል። አነጋገሩም ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ነገር አየሁ፣ ሰማሁ ወይም መሰለኝ ተብሎ መጀመር አለበት።

መርጊያ በዚህ ደንብ መቀለድ ይወድ ነበር። "መቶ አለቃ፣ ረሃቤን ከየትኛው ልመድበው?" ብሎ ይጠይቀኛል።

"ከተሰማህ ሰማሁ በል።"

"እንግዲያው ሰማሁ፤ ሆዴ ሲያጉረመርም ሰማሁ። አየሁ፤ ደምሴ ኮቾሮ ሲቆረጥም አየሁ። መሰለኝ፤ የኔንም ድርሻ ጨምሮ የበላ መሰለኝ።"

ደምሴ ተራው ስላልደረሰ ጠጠሩ አፉ ውስጥ ነው። ራሱን መከላከል አይችልም፤ ወዲያ ማዶ ሆኖ እጁን ያወራጫል። ተራው ደርሶ ጠጠሩን ሲተፋ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ጠላት ሳይሆን ስለዚያ የስንቅ ደረቅ ብስኩት፣ ስለ ኮቾሮው ነበር። ይህን ስጽፍ ድምፁ ይሰማኛል። የማን ድምፅ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ እርግጠኛ አይደለሁም፤ መርጊያ ሲናገር የሚሰማኝ በደምሴ ድምፅ የሆነበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደምሴንና እኔን ዘመኑ በየፊናችን በትኖን ብዙ ዓመት ሳንተያይ ቆየን። የተገናኘነው ክሮይደን፣ የኢሚግሬሽን ቢሮ ሰልፍ ላይ ነው። ብርድ ነው፤ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ትራሙ እስከሚያልፍበት መንገድ ደርሷል። ከኋላዬ፣ "መቶ አለቃ፣ ዛሬም ቀድመው ሊቃኙ ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስዞር ደምሴ ነው፤ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ የሴት የሚመስል ወይን ጠጅ ካፖርት ለብሷል። ከበጎ አድራጎት ሱቅ በሁለት ፓውንድ የገዛው እንደሆነ ሲነግረኝ እዚያው ቆመን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትሪትሃም ዋናው መንገድ ላይ፣ አንዲት ፖርቱጋላዊት በምታስተዳድራት ትንሽ ካፌ፣ መስኮቱ ጥግ እንገናኝ ጀመር። እኔ መጀመሪያ ዳቦ ፋብሪካ፣ በኋላም አንድ ኮሌጅ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ገባሁ፤ እሱ ፎርክሊፍቱን ያዘ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ "እናንተ ሰዎች ጦርነቱን ጨርሳችሁ አትመጡም?" ትለን ነበር። እሷም ካረፈች ቆየች። ከሳምንቱ ውስጥ ሰው መቶ አለቃ ብሎ የሚጠራኝ ቀን ያ ቅዳሜ ብቻ ሆነ።

በነዚያ ቅዳሜዎች ምን እንዳደረግን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጠጠር ጎርሰን ስንመለስ የኖርን ሁለት ቃኚዎች፣ መስኮት ዳር ተቀምጠን፣ ሻይ ይዘን፣ ያየነውን ሁሉ እየደጋገምን ለዓመታት አወራን። እሱ የረሳውን እኔ ሞላሁለት፤ እኔ የረሳሁትን እሱ። አንድ ጊዜ በአንድ ሠርግ ላይ ደምሴ እሾህ ውስጥ ወድቆ እግሩ እንዴት እንደተቀደደ ለጎረምሶች ሲተርክ ሰማሁት። የወደቅሁት እኔ ነበርኩ። ወደ ጎን ጠራሁት።

"ደምሴ፣ ያ እኮ የእኔ ነው።"

"የእርስዎ?" አለና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። "ታዲያ ጠባሳው የኔ እግር ላይ ምን ይሠራል?"

ጠባሳ ነበረው። ቤቴ ገብቼ የራሴን እግር በመብራት መረመርኩ። እኔም ጠባሳ አለኝ፤ ከእሾህ ይሁን ከዳቦ ፋብሪካው ጋሪ መለየት አልቻልኩም።

ሶስና ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ በሳምንቱ ወደዚያችው ካፌ መጣች። ከሥራ ነው የመጣችው፤ የጸጉር መረቡ ግንባሯ ላይ መስመር ትቷል። ሻዩን አልነካችውም።

"ጋሼ፣ እማዬ እስከ ዛሬ መርዶ አልተነገራትም" አለችኝ። "ያኔ ከጦሩ የመጣው ሰው የደረሰበት አልታወቀም ብሎ ሄደ። በቃ። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ፣ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ዘመድ ስንት ጊዜ ሰብስቦ ሊያረዳት ሞከረ መሰለዎት። 'ማናችሁ አያችሁት?' ትላቸዋለች፤ ዝም ይላሉ። 'ያየ ሰው በአፉ ይንገረኝ' ነው የምትለው።"

"አሁን እንዴት ናቸው?"

"ልቧ ደክሟል። ዶክተሩ ለጉዞም አትሆንም ብሎናል። እኔን የሚያሳስበኝ እሷ ብታልፍ…" የሻዩን ስኒ ገፋ አደረገችው። "ሳታለቅስለት ማለፍ ትፈራለች፤ ደግሞ በቁሙ ማልቀስም ትፈራለች። ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ። በስልክ 'ሲወድቅ አየሁት' ይበሉልኝ። አንዲት ቃል ናት።"

"የማላውቃት ያቺን አንዲት ቃል ነው" አልኳት። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

የዚያ ቀን ነገር አጭር ነው። ጥምቀት አልፏል፤ ሁዳዴ ሊገባ ነው ወይም ገና መግባቱ ነው። ተልእኳችንን ጨርሰን በደረቅ ወንዝ ውስጥ ስንመለስ ነጋ። የኋላ ጠባቂያችን መርጊያ ነበር፤ ወንዝ በሚታጠፍበት ሁሉ ከፍታ ላይ ወጥቶ የሚከተለን እንዳለ ማየት የሁልጊዜ ሥራው ነው። የግመል ሻኛ ብለን የምንጠራውን ኮረብታ ሽቅብ ጀመረ። እኔ ከወንዙ ግራ ዳር ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ጀርባ ተኝቻለሁ፤ ደምሴ ከቀኝ ዳር ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ የቡድናችን ሰዎች፣ በኋላ በሌላ ግንባር የቀሩት፣ ወደፊት አልፈዋል። ከማዶ ተኩስ ተከፈተ፤ አቧራ ተነሣ። በወንዙ ውስጥ ወደ ቀጠሯችን ቦታ አፈገፈግን፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። መርጊያ አልመጣም። በማግሥቱም ሄደን እንዳንፈልገው አካባቢው በእጃችን አልነበረም። በጭንቅላቴ ውስጥ ግን ከዚህ የበለጠ አለ። መርጊያ ወደ ሻኛው ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በቀኝ ጉልበቱ ይንበረከካል፤ ከዚያ በጎኑ ይወድቃል። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው። ሶስና ስትለምነኝ ወዲያው "አየሁ" ልላት የቃጣኝ ስለዚህ ነው።

ሶስና ካናገረችኝ በነጋታው ጠዋት ቤቴ ውስጥ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መሬቱን ሠራሁት። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ሌላ የሚያውቀው ዘዴ የለም። መክተፊያውን በሁለት መጽሐፍ አስደግፌ ኮረብታ አደረግሁት፤ ፎጣ ጠምዝዤ ወንዙን አጠፍኩ፤ የስኳሩን ቆርቆሮ ኩይሳ አድርጌ በቦታው አቆምኩ። ከዚያ እንደምንም ተንበርክኬ ዓይኔን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከልኩ፤ እኔ በተኛሁበት። ከቆርቆሮው ጎን የኮረብታው የታችኛው ግማሽ ይታየኛል። ሽቅቡ ወደ ቆርቆሮው ጀርባ ስለሚታጠፍ የላይኛውን ጋርዶታል። ቆርቆሮው ትልቅ ሆኖ ይሆናል ብዬ በጨው ዕቃ ለወጥኩት፤ ያው ነው። ወገቤን ይዤ በጉልበቴ እየዳህሁ ወደ ደምሴ ቦታ ተዛወርኩና አየሁ። ከዚያ ኮረብታው በሙሉ ይታያል፤ ጫፉም፣ የቀኝ ጎኑም፣ በትዝታዬ ውስጥ እንዳለው ሁሉ። መርጊያ ሲወድቅ የሚታየኝ ደምሴ ከነበረበት ቦታ ነው። ለመነሣት ወንበሩን መያዝ ነበረብኝ። እንደቆምኩ እጄ ወደ ስልኩ ሄደ፤ ለደምሴ ደውዬ ልነግረው ነበር።

ታዲያ ደምሴ ራሱ ምን አየ? ያን ቀን ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጠጠሩን ተፍቶ፣ "አየሁ፤ ወጣ። አየሁ፤ አቧራ" ማለቱን አስታውሳለሁ። ስለ መውደቁ የተናገረው "አየሁ" ብሎ ይሁን "መሰለኝ" ብሎ ግን ጠፍቶብኛል። ካፌው ውስጥ ሲያወራ ሁልጊዜ "ሲወድቅ አየሁት" ነበር የሚለው፤ የካፌው ወሬ ግን በመደጋገም የተሠራ ነገር ነው። ለበላይ ባቀረብኩት ሪፖርት መርጊያን የደረሰበት ያልታወቀ ብዬ ማስተላለፌ ለቤተሰቡ ከተነገረው ይታወቃል። ደምሴ አየሁ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አላልኩም ነበር ብዬ እከራከራለሁ። ደግሞ አንዳንድ መኮንን ለሚስት አዝኖ የሞተውን ያልታወቀ ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ ማድረጌን አላስታውስም፤ አለማድረጌንም አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት በመቶ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ወደ ክሮይደን፣ ወደ ሶስና ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሆኜ የወሰንኩትን ነገርኳት።

"አላየሁም ሊሏት?" አለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መንገዱን ዘጋችብኝ። "ጋሼ፣ ሌላ ስንት ዓመት ልትጠብቅ ነው? ዕድሜ የት አላት?"

"መርዶ ላይ ያላየሁትን አልጨምርም ልጄ።"

"መጨመር አይደለም እኮ፤ ማሳረፍ ነው!"

ቤተል ከውስጥ ስልኩን ይዛ ወጣች። "ማሚ፣ እማማ ኦንላይን ናቸው። እየሰሙሽ ነው።"

የሶስና እናት ወይዘሮ ይርገዱ ስልኩን በጣም አስጠግተውት ስለነበር የታየኝ ግንባራቸውና የነጠላቸው ጥለት ብቻ ነው። ቤተል "እማማ፣ ፎኑን ራቅ፣ ራቅ" ብትልም ከዚያው አልተንቀሳቀሱም።

"መቶ አለቃ ነዎት?" አሉኝ። "ድምፅዎን አላውቀውም፤ ስምዎን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ፈቃድ ሲመጣ ወሬው ሁሉ እርስዎ ነበሩ። ጠጠር የሚያስጎርሰን መቶ አለቃ ይል ነበር።"

"ጠጠሩን ያስጀመረን እሱ ነው ወይዘሮ ይርገዱ።"

"እሱን እንኳ አልነገረኝም። ይንገሩኝ እስቲ። የሚያውቁትን ብቻ።"

ነገርኳቸው። ያየሁትን፣ መርጊያ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ የግመል ሻኛን ሽቅብ ሲጀምር፣ ከዚያም አቧራውን፤ ከደምሴ የሰማሁትን፣ መውደቁን፣ ደምሴም አየሁ ይበል መሰለኝ ይበል ያልለየሁት መሆኑን፤ የሚመስለኝን፣ ከዚያ ተኩስ ሰው በሕይወት የሚወጣ እንደማይመስለኝ። በሦስቱ መካከል ዝም እያልኩ ለያየሁት። ሶስና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

"ሲወጣ ዞሮ አይቷል?" አሉኝ።

አልገባኝም። "ወደ ማን?"

"ወደ ኋላ። ከቤት ሲወጣ ሁሌ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ዞሮ ያያል፤ እኔ በር ላይ እቆማለሁ። የመጨረሻውን ጊዜ ሶስናን ሳጥብ ነበር፤ አልወጣሁም። ዞሮ ባዶ በር አይቶ እንደሆነ አላውቅም። እዚያስ?"

"አላየሁም" አልኩ።

"እሺ። ሞቷል የሚሉኝ ሁሉ ያላዩ ናቸው መቶ አለቃ። እርስዎ ያላዩትን ስላልደበቁኝ አየሁ ያሉትን አምኛለሁ። ሽቅብ ሲሄድ አይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። እኔም ከዚያ ወዲያ አልጠብቀውም። ቀኑን ያውቁታል?"

"ሳምንቱን እንጂ ቀኑን አላውቅም። ከጥምቀት በኋላ፣ ሁዳዴ መግቢያ ላይ ነው።"

"እንግዲያው የየካቲት ኪዳነ ምሕረትን እይዛለሁ። ሶስና፣ አለሽ? ቄሱን ላስጠራ ነው።" ከዚያ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ መሰለኝ፤ ጣሪያ ታየ፤ ከጣሪያው በታች ወይዘሮ ይርገዱ ሲያለቅሱ ሰማን። ሶስና ከሶፋው ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቤተል ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች እናቷን አየት አድርጋ እሷም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ኮፍያዬን አወለቅሁ። ፍትሐቱ እንደተደረገ፣ ሰፈሩ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን እንደተቀመጠ ሶስና በኋላ ነግራኛለች። ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ከፊት ወንበር ብቻዬን ነበርኩ፤ ስትሪትሃም ስደርስ ካፌዋ ገና ክፍት ነበረች፤ አልገባሁም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የሆነውን አንድ ነገር ጽፌ ላቁም። ኮረብታው ሲታየኝ፣ ከኩይሳው ጀርባ ሆኜ በእርግጥ ሊታየኝ የሚችለው የታችኛው ግማሽ ማለቴ ነው፣ መርጊያ ጥቂት ከወጣ በኋላ ይቆምና ትከሻውን ዞር አድርጎ ወደ ወንዙ ያያል። ፊቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ አለ። ቦታውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ከእኔ ዘንድ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ወይዘሮ ይርገዱ ከመጠየቃቸው በፊት ይህን አይቼ እንደማውቅ አላስታውስም። ለደምሴ ነግሬው እንደሆነም የሚነግረኝ የለም። ለእሳቸው አልደወልኩም። መርጊያ ዞሮ አይቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።